ውሃው ሲጠራ ዓሣዋ እንዳትጠፋ፦ የአኳሪየም ማጣሪያ አጭር ታሪክ

ዓሣን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ማኖር ለብዙ ሰው የቤት ጌጥ፣ ለሕፃናትም መጫወቻ ብቻ መስሎ ይታያል። ለእኛ ለመምህራን ግን አኳሪየም የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ትምህርት በአንድነት የሚታይበት ሕያው መማሪያ ነው። ከዚህም በላይ የራሱ የሆነ ታሪክ አለው። ይህን ታሪክ እንድንመረምር ያነሣሣን ትንሽ መስሎ የሚታይ፣ ዳሩ ግን ዓሣ በሚኖርበት መማሪያ ክፍል ሁሉ ሊያጋጥም የሚችል ችግር ነው። ይኸውም ዓሣዋ ከምትዋኝበት ቦታ አልፋ ውሃው ወደሚጣራበት ጠባብ ክፍል ትገባና መውጫ ታጣለች። ተማሪዎች ይህን ባዩ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ያነሣሉ። አንደኛው «እንዴት አድርገን እናውጣት?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ውሃ ለማጥራት የተሠራ መሣሪያ ዓሣን ለምን ያጠምዳል?» የሚል ነው። የሁለተኛው መልስ ለመጀመሪያውም መንገድ ስለሚጠርግ፣ ከታሪኩ እንጀምራለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማጣሪያ በፊት የነበረው ዘመን

ዓሣን ለመብል ሳይሆን ለማየት ማኖር የቆየ ልማድ ነው። የሮማ ባለጸጎች በባሕር ዳር ኩሬ አሠርተው ዓሣ ያኖሩ ነበር። በቻይናም በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከ960 እስከ 1279) ወርቃማ ዓሣን በኩሬ፣ ኋላም በትልልቅ የሸክላ ገንዳ ማርባት ተስፋፍቷል። በእነዚያ ዘመናት ዓሣው የሚታየው ከላይ ብቻ ስለ ነበረ፣ ውሃው ጥቂት ቢደፈርስም ተመልካቹ እምብዛም አይቸገርም፤ ኩሬው ሰፊ ከሆነም ቆሻሻው በውሃው ብዛት ይሳሳል። ችግሩ የከፋው ሰው ዓሣን ከጎን ለማየት ፈልጎ በጠባብ መስተዋት ውስጥ በዘጋው ጊዜ ነው። በዚያ የተዘጋ ዓሣ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ ከገዛ ሰውነቱ በሚወጣው ቆሻሻም ይመረዛል።

ለዚህ ችግር የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ከኬሚስትሪ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1771 ሻማ ነድዶ ባበላሸው አየር ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አኑሮ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ አየሩ ሻማ ለማንደድ እንደ ገና እንደሚበቃ አሳየ። የኔዘርላንድ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ያን ኢንገንሁስ ደግሞ በ1779 ዕፀዋት ይህን ሥራ የሚሠሩት ብርሃን ሲያገኙ መሆኑን ገለጸ።

በ1832 ፈረንሳዊቷ ዣን ቪልፕረ ፓወር በሲሲሊ ደሴት በሜሲና ከተማ ሆና የመስተዋት ሣጥኖች አሠርታ፣ አርጎኖት የሚባለውን የኦክቶፐስ ዘመድ ማጥናት ጀመረች። እንስሳው የሚኖርበትን ዛጎል ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ ይወስደዋል? የሚለው የብዙ ዘመን ክርክር ነበር። እርሷም እንስሳው በዐይኗ ፊት ሲያድግና ዛጎሉን ሲጠግን ተመልክታ፣ ዛጎሉ የራሱ ሥራ መሆኑን አረጋገጠች። አኳሪየም ከጌጥነት አልፎ የምርምር መሣሪያ ለመሆን እንደሚችል ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የሰው ክንድ እንደ ፓምፕ

በ1846 አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ሕያዋን ኮራሎችን በማሰሮ ውስጥ አድርጋ ወደ ለንደን አመጣች። ለንደን ከባሕር የራቀ በመሆኑ ውሃውን በየቀኑ መለወጥ አልተቻለም። ስለዚህ የቤት ሠራተኛዋ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ያንኑ የባሕር ውሃ ከዕቃ ወደ ዕቃ ለብዙ ደቂቃ ትገለብጠው ነበር። ውሃው በአየር ውስጥ ሲወርድ ኦክሲጅን ይቀላቀልበታል። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፓምፕ የሚፈጽመውን ተግባር ያን ጊዜ የፈጸመው የአንዲት ሠራተኛ ክንድ ነው። በዚህ አሠራር ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ክንድ ከሚያይ ዐይን ጋር ነበር። ከውሃው ጋር ሊወርድ የደረሰ ሕያው ነገር ቢኖር፣ ያቺ ሴት እጅዋን ለመግታት ትችላለች።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1849፣ የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሣዎችንና ቫሊስኔሪያ የተባለውን የውሃ ተክል በአንድ ዕቃ አኖረ። ጅማሬው መልካም ሆኖ ሳለ ቅጠሎቹ እየበሰበሱ ውሃውን አደፈረሱት። ዋሪንግተንም ጥቂት ቀንድ አውጣዎችን ጨመረና እነርሱ የበሰበሰውን እየበሉ ውሃውን አጠሩት። ውጤቱን በ1850 አሳተመ። ከዚህ በኋላ ተክል፣ ዓሣና ቀንድ አውጣ በሚዛን ሲኖሩ ውሃ ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል የሚለው አስተሳሰብ ተስፋፋ።

በግንቦት 1853 የለንደን የእንስሳት ማሳያ ለሕዝብ የዓሣ ቤት ከፈተ። በ1854 ደግሞ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» በሚል ርእስ መጽሐፍ አሳተመ፤ ስሙም የጸናው ከዚያ ወዲህ ነው። ወዲያውም አኳሪየም በእንግሊዝ የመካከለኛው መደብ ቤቶች ውስጥ ፋሽን ሆነ። ይሁን እንጂ ሚዛኑን መጠበቅ እንደ መጻፉ ቀላል አልነበረም፤ ብዙ እንስሳት በየሳሎኑ አለቁ። የጎስ ልጅ ኤድመንድ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአባቱን መጻሕፍት እያነበቡ ወደ ባሕር ዳር የጎረፉ ሰብሳቢዎች ያን ውብ ዳርቻ እንዳራቆቱት በኀዘን ጽፏል። ዕውቀቱ ተስፋፋ፤ ጥንቃቄው ግን አብሮት አልተስፋፋም።

ውሃው ሁለት ቤት ሲያገኝ

ለአሁኑ ማጣሪያ መሠረት ከጣሉት አንዱ ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ነው። ሎይድ በ1864 በተከፈተው በሃምቡርግ አኳሪየም፣ ኋላም በ1871 በለንደን ክሪስታል ፓላስ በተከፈተው ላይ የሠራ ሲሆን፣ ዋና ሐሳቡ ውሃን በዑደት ማንቀሳቀስ ነበር። ዓሣዎቹ በብርሃን በሚታዩ ሣጥኖች ይኖራሉ፤ ከበታቻቸው ደግሞ ጨለማና ቀዝቃዛ የሆነ ሰፊ ማጠራቀሚያ አለ። ውሃው በፓምፕ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሣጥኖቹ አልፎም ተመልሶ ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል። እንግዲህ ውሃው ሁለት ቤት አገኘ ማለት ነው፤ አንዱ የዓሣው መኖሪያ፣ ሁለተኛው ከተመልካች የተሰወረ ማረፊያ። ዛሬ በትንሽ አኳሪየም ጀርባ የምናያት ጠባብ የማጣሪያ ክፍል የዚያ ስውር ቤት የልጅ ልጅ ናት ለማለት ይቻላል።

በዚያው ምዕተ ዓመት የከተማ ውሃ ማጣራትም እየተሻሻለ ሄደ። በስኮትላንድ ፔዝሊ ከተማ በ1804፣ በለንደን ቼልሲ ደግሞ በ1829 ውሃን በአሸዋ ማጣራት ተጀምሯል። በመጀመሪያ አሸዋው ቆሻሻን እንደ ወንፊት የሚይዝ ብቻ መስሎ ነበር። በ1877 ግን ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ፈረንሳውያን የፍሳሽ ውሃን በአሸዋ ውስጥ አሳልፈው፣ በውስጡ ያለው አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለወጠው በሕያዋን ደቂቅ ፍጥረታት ሥራ መሆኑን አሳዩ። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪም በ1890 ገደማ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ለማውጣት ቻለ። ስለዚህ በማጣሪያ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ወይም ጠጠር የቆሻሻ መያዣ ብቻ ሳይሆን የባክቴሪያዎች መኖሪያ ነው። ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት የሚለውጡት እነርሱ ናቸው።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት ኤሌክትሪክ፣ ፕላስቲክና ትናንሽ ሞተሮች በመጡ ጊዜ የሎይድ ታላቅ ማጠራቀሚያ ወደ ጥቂት ሊትር ክፍል ተጠቃለለ። ውሃው እንደ ማበጠሪያ በተሰነጠቀ በር ይገባል፤ በስፖንጅ አልፎ በፓምፕ ይመለሳል። ሥራው ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ ሆነ። ነገር ግን ክንዱን የተካው ሞተር ዐይኑን አልተካም። ሞተር ቆሻሻንና ሕይወት ያለውን ለይቶ አያውቅም፤ በአፉ የቀረበውን ሁሉ ይስባል። የተማሪዎቹ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ትንሿ ዓሣ በልቧ እየዋኘች ሳለ ማዕበሉ ወደ ስንጥቁ ያደርሳታል፤ አንዳንዷም በክፍሉ ግድግዳ ላይ ዘልላ ትገባለች።

ዓሣዋን ለማውጣት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በማጣሪያ ክፍል የገባች ዓሣ ብዙ ጊዜ በሕይወት ትገኛለች፤ ምክንያቱም በዚያ የሚያልፈው ውሃ ኦክሲጅን አያጣም፣ የምግብ ፍርፋሪም ይደርሰዋል። ስለዚህ አውጪው አይቸኩል። የሚከተለውን ቅደም ተከተል መጠበቅ ይበጃል።

1ኛ/ ከሁሉ አስቀድሞ የኤሌክትሪኩን ሶኬት መንቀል። እጅን ውሃ ውስጥ ለሚያስገባው ሰውም ሆነ ለዓሣዋ ደኅንነቱ በዚህ ይጀምራል። ዓሣዋ በመሳቢያው አፍ ላይ ተጣብቃ ከሆነ ስበቱ ሲቆም ራሷ ትለቃለች፤ ሞተሩ እየሠራ ጎትቶ ማላቀቅ ግን ክንፏንና ቅርፊቷን ይገነጥላል።

2ኛ/ ዓሣዋ ያለችበትን በባትሪ መብራት ማየት። ይህ ሳይደረግ ስፖንጁን ቢጎትቱት ከክፍሉ ግድግዳ ጋር ሊጨፈልቃት ይችላል።

3ኛ/ ስፖንጁን ቀስ ብሎ አውጥቶ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ። በቧንቧ ውሃ ቢታጠብ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፤ ቢደርቅም ይሞታሉ። በዚህ ጊዜ ዓሣዋ ከወጥመድ ድና በአሞኒያ ልትሞት ትችላለች።

4ኛ/ በደረቅ እጅ አለመንካት። የዓሣ ገላ ከበሽታ በሚከላከል ስስ ልጋግ የተሸፈነ ነው። ክፍሉ ሰፋ ካለ ዓሣዋን ትንሽ መረብ ይዞ ወደ ኩባያ መንዳት፣ ከጠበበ ደግሞ ክፍሉን ውሃ ሞልቶ በግድግዳው ላይ ዋኝታ እንድትመለስ ማድረግ ይቻላል። ይህም ካልሆነ አፉ በሻሽ በታሰረ ቱቦ ውሃውን በሳይፎን ቀንሶ፣ ከቀረው ውሃ ጋር በኩባያ መቅዳት ነው።

5ኛ/ ዓሣዋ ከተመለሰች በኋላ ሳይዘገዩ ማጣሪያውን ማስነሣት። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ባክቴሪያዎቹ ኦክሲጅን ያጣሉና። ለዓሣዋም መብራቱን ቀንሶ ጸጥታ መስጠት ይገባል።

6ኛ/ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የገባችበትን ቀዳዳ መድፈን። በመሳቢያው አፍ ላይ ስፖንጅ ወይም ከዓሣዋ ራስ የጠበበ ወንፊት መግጠም ይበቃል። ወንፊቱም እንዳይደፈን በየጊዜው መጽዳት አለበት።

ከመስተዋት ሣጥን ወደ ወንዝ

አንባቢ ይህን ሁሉ ስለ አንዲት ትንሽ ዓሣ የተደረገ ብዙ ሐተታ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን ያው ችግር በታላቅ መጠን ይገኛል። የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ማሽናቸውን ለማቀዝቀዝ፣ የመስኖ እርሻዎችም ማሳቸውን ለማጠጣት ከወንዝና ከሐይቅ እጅግ ብዙ ውሃ ይስባሉ። ከውሃው ጋር የሚሳቡት ዓሣዎች በመግቢያው ወንፊት ላይ ተጣብቀው፣ ጫጩቶቹም በወንፊቱ አልፈው ያልቃሉ። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የ1972 የንጹሕ ውሃ ሕግ፣ የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያዎች በአካባቢ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ለመቀነስ በሚያስችል የተሻለ ዘዴ እንዲሠሩ ደነገገ። በዚያው በ1970ዎቹ በቨርጂኒያ በሚገኘው በሱሪ የኃይል ማመንጫ፣ በሚሽከረከረው ወንፊት ላይ ውሃ የሚይዙ ባልዲዎች ተገጠሙ። ቀድሞ ከቆሻሻው ጋር ይጣሉ የነበሩ ዓሣዎች በባልዲው ውሃ ውስጥ ሆነው ይነሡና በቀስታ ታጥበው ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። ይህ ከላይ ከገለጽነው የኩባያ ሥራ በመጠን እንጂ በሐሳብ አይለይም።

ለአካባቢያችን ለምሥራቅ አፍሪካም ነገሩ ባዕድ አይደለም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ቆሮሶ ከሚመደብበት ከሲክሊድ ቤተሰብ ብቻ ከ500 የሚበልጡ ዓይነቶች ይኖሩ ነበር። ናይል ፐርች የተባለው አዳኝ ዓሣ በ1950ዎቹ ወደ ሐይቁ ገብቶ በ1980ዎቹ እጅግ በበዛ ጊዜ፣ ከሐይቁ ውሃ መበከል ጋር ተዳምሮ፣ ብዙዎቹ ከሐይቁ ጠፉ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ዘራቸው የቀጠለው በሌሎች አገሮች በሚገኙ አኳሪየሞች ውስጥ ነው። የብዙዎቹ እናቶች እንቁላላቸውንና ጫጩታቸውን በአፋቸው ይዘው ያሳድጋሉ፤ ጫጩቶቹም ሲለቀቁ ከስንዴ ዘር እምብዛም አይበልጡም። እንዲህ ባለ ሣጥን ውስጥ ያለ ወንፊት የሚሠራ ማጣሪያ የሚውጠው አንዲት ዓሣን ብቻ ሳይሆን፣ ከቀረው ጥቂት ዘር ላይ ነው።

ማጠቃለያ

እስከ አሁን እንዳየነው የአኳሪየም ታሪክ ውሃን የማንቀሳቀስ ታሪክ ነው። ከሠራተኛ ክንድ ወደ እንፋሎት፣ ከእንፋሎትም ወደ ኤሌክትሪክ ሲሸጋገር ኃይሉ ጨመረ፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ከአጠገቡ እየራቀ ሄደ። ወንፊቱ የዚያ የራቀ ጠባቂ ምትክ ነው። እኛ መምህራንም ተማሪዎቻችን መሣሪያ እንዲሠሩ ስናሠለጥን፣ «ምን ያህል ይስባል?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «በአፉ ላይ ማን አለ?» ብለው እንዲጠይቁ ልናስተምራቸው ይገባል። አንዲት ዓሣን ከማጣሪያ ማውጣት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ግን የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ የማያገኘውን ይማራል።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ዋሪንግተን ቀንድ አውጣ የጨመረው ለምንድን ነው? ዛሬ ያንን ሥራ በማጣሪያ ውስጥ የሚሠራው ምንድን ነው?

2. የሎይድ ማጠራቀሚያ ጨለማና ቀዝቃዛ መሆኑ ምን ይጠቅም ነበር?

3. ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ዓሣዋን እንዴት ሊጎዳ ይችላል?

4. በአካባቢያችሁ ውሃ ከወንዝ ወይም ከሐይቅ የሚሳብበት ቦታ ካለ፣ መግቢያውን ተመልክታችሁ ለዓሣ መከላከያ እንዳለው ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።