የፍሪስኮ ጭብጦ

እናቴ ከመኪናው እንደወረደች መዳፏን ዘረጋች። ሁለት ሦስት ነጭ ብናኝ አረፈበት። አየችው፤ ጠፋ።

«ማነው ይሄን በረዶ ያለው?»

እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ «በረዶ ላሳይሽ ነው» እያልኩ የከረምኩት እኔ ነኝ።

«በረዶማ ድምፅ አለው። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይሰማማም። ይሄ አመዳይ ነው» አለችና ነጠላዋን አጥብቃ መራመድ ጀመረች።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። መንዝ ላደገ ሰው በረዶ መጫወቻ አይደለም። የደረሰ ገብስ የሚያጋድም፣ የባቄላ አበባ የሚያረግፍ ጠላት ነው። ውርጩም ያው ነው፤ ጥቅምት ላይ አንዲት ሌሊት ብቅ ብሎ የዓመት ቀለብ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ዴንቨር ልትጠይቀን መጥታ «ቅዳሜ ልጆቹን በረዶ ላይ ልናጫውት ነው» ስላት፣ እሳት ላይ ላጫውታቸው ያልኩ ይመስል ነበር ያየችኝ።

ገና ሳይነጋ ወጣን። የልጆቹ እናት ዳቦ ቆርሳ፣ እንቁላል ቀቅላ፣ ሻዩን በፔርሙዝ ሞልታ ነበር። ጓንት የመያዝ ኃላፊነት የኔ ነበር፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዴንቨር ፍሪስኮ 110 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን በቅዳሜ ጠዋት ኢንተርስቴት 70ን የዴንቨር ሰው ሁሉ ይወጣዋል፤ የጥምቀት ዕለት ወደ ጃንሜዳ የሚወስድ መንገድ በሉት። መንገዱ በቅዝቃዜው ወራት ሕግ አለው፤ አራቱም እግሩ የሚጎትት መኪና ከሌለህ የበረዶ ጎማ ወይም ሰንሰለት የግድ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ነግሬህ ነበር» የሚል ፊት አሳየችኝ። ምንም አልነገረችኝም ነበር።

ከዚያ አይዘንሃወር የሚባለው ዋሻ መጣ። በ1973 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተከፈተ፣ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተራራውን የሰነጠቀ፣ ርዝመቱ 2.7 ኪሎ ሜትር። እዚህ አገር ልጆች ዋሻ ውስጥ ሲገቡ ትንፋሽ የመያዝ ጨዋታ አላቸው። የሰባት ዓመቱ ልጄ ግማሽ ሳይደርስ ቲማቲም መሰለ። የአራት ዓመቷ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች አፏን ብቻ ይዛ አሸነፈች።

እናቴ ከፍታውን ስትሰማ ተገረመች እንጂ አልፈራችም። ፍሪስኮ ራሱ 2,770 ሜትር ገደማ ነው፤ እሷ ያደገችበት መሐል ሜዳ ከዚያ ይበልጣል። እኔም ነገር ላሳምር ብዬ «የዚህ የሮኪ ሰንሰለት ረጅሙ ተራራ ኤልበርት 4,401 ሜትር ነው» አልኳት።

«ራስ ዳሸንስ?»

«4,550።»

«ታዲያ ምን ያስወራሃል?» ከዚያ ዝም አለችና በመስኮት ነጩን ተራራ ስታይ ቆየች። «እኛ ዘንድ እኮ ብርዱ ሲመጣ ዝናቡ ሄዷል። ዝናቡ ሲመጣ ብርዱ ይላላል። እዚህ ሁለቱ ተገናኝተዋል ማለት ነው።» እኔ ስለ ምድር ወገብ፣ ስለ ፀሐይ መዘንበል ላስረዳ ስዘጋጅ ነበር። ተውኩት።

ፍሪስኮ ስንደርስ በከመነዳሪ የሚንሸራተቱበት ሜዳ ቦታው ቀድሞ ተይዟል። አስቀድሜ በኢንተርኔት መያዝ ነበረብኝ፤ አልያዝኩም። ራቅ ብለን አንዲት ለስላሳ ቁልቁለት አገኘንና ከሱቅ የገዛናትን አንድ ቀይ የላስቲክ መንሸራተቻ አወጣን። እናቴ አንድ ጊዜ አይታ «ሸርተቴ!» አለች። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ፍርሃቱም ምክሩም ቀረ። ክረምት ላይ በጭቃ ቁልቁለት ቀሚሷን ቀዳ ስንት ጊዜ እንደተገረፈች ለልጆቹ እየነገረች ከላይ ትገፋቸዋለች፣ እኔ ከታች እቀበላለሁ። ትንሿ አንዴ ከመንሸራተቻው ወድቃ በአፍንጫዋ ተተከለች። ልታለቅስ አፏን ስትከፍት አመዳይ ገባበት፤ ቀመሰችው፤ ልቅሶውን ረሳችው።

ትልቁ ግን ሌላ ጣጣ ነበረበት። ካርቱን ላይ እንዳየው የበረዶ ሰው ካልሠራሁ አለ። ይጠቀልላል፣ ይፈርሳል። ደግሞ ይጠቀልላል፣ ይፈርሳል። የኮሎራዶ አመዳይ በደረቅነቱ የታወቀ ነው፤ በረዶ ላይ ተንሸራታቾች ከሩቅ አገር የሚመጡለት ለዚህ ዱቄትነቱ ነው። ለሚንሸራተት ጥሩ፣ ለሚሠራ ግን ጉድ። ልጁ መጨረሻ ላይ በእግሩ በተነው።

እናቴ ቁጢጥ አለች። በጣቶቿ ዘገን አድርጋ አሸት አሸት አደረገችው። «ሊጡ ውሃ አንሶታል» አለችና የመጠጥ ውሃችንን ተቀብላ ርጭ አደረገችበት፤ ባዶ እጇን። ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ጨበጥ። መዳፏን ስትከፍት አራት የጣት ምልክት ያለበት ጭብጦ ተቀምጧል። ልክ ጓዳ ውስጥ ቸኩላ ምጣድ ላይ የምትጥለው ዓይነት። የበረዶ ሰው ነገር እዚያው ቀረ። ሦስቱም ተደርድረው ቁጭ አሉና ጭብጦ ሲያበጁ ዋሉ።

አሁን ወደ ጓንቱ። ቤት ቀርቷል። የትንሿ እጅ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ደነዘዘ፤ መኪና ውስጥ መሞቅ ሲጀምር ደግሞ ጩኸቱ ዴንቨር የሚሰማ ሆነ። ማሞቂያው ላይ ላቀርባት ስል እናቴ ነጠቀችኝ። ሁለቱንም እጆች ብብቷ ውስጥ ከታ፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ እስክትተኛ ያዘቻት። የልጆቹ እናት እኔን ያየችኝን አስተያየት አልጽፍላችሁም።

ስንመለስ ከከተማው አጠገብ ያለውን ዲለን የሚባል ትልቅ የውሃ ግድብ አየች። «ይሄ ሁሉ ሲቀልጥ የት ይገባል?» እዚህ ይገባል፣ ከዚያ በተራራው ሆድ ውስጥ 37 ኪሎ ሜትር በተቆፈረ ቦይ ወደ ዴንቨር ቧንቧ ይመጣል አልኳት። «እንግዲያ ጀበናችን ውስጥም አለ» አለች።

ቤት ስንደርስ ትልቁ የእንቁላሉን ምሳ ዕቃ አቅፎ ገባ። ከፈተው፤ ሦስት ጭብጦ፣ ጠርዛቸው ቀልጦ፣ የእናቴ ጣቶች ምልክት ግን እንዳለ ነው። በረዶ ቤቱ ውስጥ ከበርበሬው አጠገብ ቦታ ተለቀቀላቸው። እሷ አገሯ ከገባች አራት ወር ሆነ። በርበሬ ላወጣ በከፈትኩ ቁጥር ትልቁ ከኋላዬ ቆሞ ይቆጥራቸዋል።