የመርሳ ብርቱካን ስንት ዓመቱ ነው?

በደሴና በወልዲያ መካከል የተመላለሰ ሰው መርሳ ላይ ብርቱካን ወይም ማንጎ ሳይገዛ ማለፍ ይከብደዋል። ብዙዎቻችን ታዲያ ብርቱካን ለወሎ ትናንት በ«ፕሮጀክት» የመጣ ፍሬ ይመስለናል። አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል ልዑካን ጋር ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በእኛው አገር በኩል አልፏል። በ1540 ሊዝበን በታተመው መጽሐፉ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ በብዛት እንዳለው ጽፏል። (ሐይቅ ያኔ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ተያይዟል።) ጣፋጩ ብርቱካን በዚያ ዘመን ለአውሮፓም ገና አዲስ ነበርና፣ ቄሱ ያየው ኮምጣጣው ሳይሆን አይቀርም ባይ ነኝ።

ኮምጣጣ ስላልኩ አትናቁት። ብርቱካን ልዩ ጠባይ አለው፦ ከአንድ ፍሬ ዘር ሁለት ሦስት ቡቃያ ሊወጣ ይችላል፤ አብዛኞቹም ቁርጥ እናታቸውን ናቸው። ስለዚህ ዘር ቀብሮም ጥሩ ብርቱካን ይገኛል። ችግሩ እሾሃም ይሆናል፣ ለማፍራትም ከስድስት ሰባት ዓመት በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። የባሰው ደግሞ ሥሩ ነው። የጣፋጩ ሥር ውኃ በሚተኛበት መሬት ላይ ይበሰብሳል፤ ግንዱም ሙጫ እያነባ ይደርቃል። ኮምጣጣው ይህን ይቋቋማል። እናም ኮምጣጣው ሥር ይሆንና ከጣፋጩ የተቆረጠ እምቡጥ ግንዱ ላይ ይሰካል። የተዳቀለ ችግኝ የምንለው ይኸው ነው፤ በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል።

ግን እምቡጡ ከየት መጣ? ትሪስቴዛ የሚባለው ቫይረስ በእምቡጥ ይተላለፋል፤ የሚገድለውም በተለይ ኮምጣጣ ሥር ላይ የተዳቀለውን ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በአርጀንቲናና በብራዚል በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ ፈጅቷል። ካልተመረመረ እናት ዛፍ እምቡጥ መቁረጥ በሽታን በእጅ መትከል ነው።

በሀብሩና በተሁለደሬ ብርቱካን ከጫፉ እየደረቀ መምጣቱን ገበሬው መናገር ከጀመረ ቆይቷል። ነቅሎ ጫት የተከለም አለ፤ እኔ አልፈርድበትም፣ ጫት ሰባት ዓመት አያስጠብቅም። ለዚህ ምርመራ ቅርብ የሆነው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለው እዚያው ሀብሩ ውስጥ ነው። እሱም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ጦርነቱ አካባቢውን ሲያምስ ከዝርፊያና ከውድመት አላመለጠም።

በየክረምቱ ስንት ሺህ ችግኝ እንደተከፋፈለ ሪፖርት እንሰማለን። የችግኞቹ እናት ዛፍ የት እንዳለና ማን እንደመረመረው አብሮ ቢነገረን ምናለ?