የጎጃም ተማሪ ምን በልቶ ተማረ?

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች የተቀበለው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቋንቋውም ልማዱም የተለያየ ወጣት ከየክልሉ ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ለከተማዋ አዲስ ዘመን የገባ መስሎ ነበር። ጎጃም ግን የሰው አገር ልጅ ተቀብሎ ሲያስተምር ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከጎንደር የመጡ ልጆች ለብዙ መቶ ዓመታት በእግራቸው ወንዝ እየተሻገሩ ወደዚሁ ደጋ ሲጎርፉ ኖረዋል። ማደሪያ የሚመድብላቸው መሥሪያ ቤት፣ ምግብ የሚያቀርብላቸው አዳራሽ አልነበረም። ሆኖም በልተው አድረዋል፤ ተምረውም ወጥተዋል።

የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ መምህሩ ይነሣል፣ መጽሐፉ ይነሣል፣ ሕንፃው ይነሣል። ተማሪውን ያበላው ሰው እምብዛም አይነሣም። የጎጃምን የተማሪ ሕይወት በቅጡ ለማየት ግን ከመሶቡ መጀመር ይሻላል።

ወደ ጎጃም የሚያስመጣው ቅኔ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አገር አገር አለው፤ ድጓ ለማስመስከር የሚሻ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፣ አቋቋምና መጻሕፍት የሚሻ ጎንደር ይገባል፣ ቅኔ የጠማው ጎጃም ይሻገራል። ስማቸው ከገነነው ሦስቱ የቅኔ ቤቶች ዋድላ የወሎ ሲሆን ዋሸራና ጎንጅ የጎጃም ናቸው። ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ ደብረ ኤልያስ፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም የሊቃውንት መንደር ሆነው ኖረዋል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት መሬቱ ነው ማለት ይቻላል። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች የሚያጠጡት ደጋና ወይና ደጋ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የሚታፈስበት አገር ነው። መቶና ሁለት መቶ ተማሪ የሚሰበሰብበት ጉባኤ እህል በሌለበት አይተከልም። መምህሩ ደመወዝ አልነበረውም፤ ተማሪውም ክፍያ አያውቅም። የጉባኤው ሁሉ ስንቅ በዙሪያው ካለው ገበሬ ጎተራ ይወጣ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የቅኔ ተማሪ ጠዋት ከጉባኤው ተነሥቶ ለብቻው ይወጣል። ከዛፍ ሥር፣ ከወንዝ ዳር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ወረቀት የለም፤ ግሡን የሚያወርደው፣ ቤቱን የሚመታው፣ ሰሙን ከወርቁ የሚያጋጥመው በአእምሮው ነው። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የቆጠረውን ለየኔታ ወይም ለረዳታቸው ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ያልቀናው ይታረምለታል። ማታ ደግሞ የኔታ ራሳቸው አዲስ ቅኔ ዘርፈው ምሥጢሩን ያብራራሉ። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ዳግመኛ ስለማይባል ተማሪው የትናንቱን ይዞ ሊቀርብ አይችልም፤ ዕለት ዕለት አዲስ ማፍለቅ ግድ ይለዋል።

በዚህ መካከል ሆድ አለ። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ ወደ መንደር ይወርዳል። ከየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቲቱ ያላትን ትቆርሳለች፤ ከአንዱ ቤት የጤፍ፣ ከሌላው የዳጉሳ፣ ከሦስተኛው የገብስ ቁራሽ ይገኛል። ካጣች «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ታሰናብታለች። የተገኘው ወደ ጎጆው ሄዶ ይቀላቀላል፤ ታናናሾቹ ለታላላቆቹ፣ ዓይናማዎቹ ለዓይነ ስውራኑ ጭምር ይለምናሉ። የተረፈው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሹ በክፉ ቀን በውኃ ርሶ በጨውና በበርበሬ ይበላል። መኸር ሲሆን ደግሞ ከየአውድማው እህል ይሰጣል።

ይህን ሕይወት አሳምሮ መናገር ተገቢ አይደለም። ውሻ ነክሶት የሞተ፣ በተስቦ ያለቀ፣ በብርድና በእከክ የተሠቃየ ልጅ ብዙ ነው። ብዙው ከቤቱ ጠፍቶ የመጣ ታዳጊ ስለሆነ ሲታመም የሚያስታምመው እናት አጠገቡ የለችም። የተማሪው ጓደኛ አስታማሚውም ቀባሪውም ነበር። ልመናውም ቢሆን ልማድ ስለሆነ ብቻ አይቀልም፤ የደኅና ገበሬ ልጅ ከሰው ደጅ ቆሞ ቁራሽ መጠበቅን የሚለምደው ከብዙ መሳቀቅ በኋላ ነው። ሊቃውንቱ ይህን እንደ ትምህርቱ አካል ያዩት ነበር፤ ሰው ከአገሩ ርቆ፣ ትዕቢቱን ጥሎ መማር አለበት ይሉ ነበር። አባትና እናት አጠገብ ያለ ልጅ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ስለሚፈለግ መራቁ ሌላም ጥቅም ነበረው።

ከዚህ ሥርዓት የወጡትን ለመቁጠር ጊዜ አይበቃም። ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ነው፤ የአዲስ አበባን ቴአትርና መዝሙር ያበለጸገው ቅኔ ተምሮ ከጎጃም ወጥቶ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የሚባለው ተማሪ ከማንኩሳ ተነሥቶ ዲማ የሚደርሰው ደራሲው ራሳቸው በሚያውቁት መንገድ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሊታወሱ ይገባል። ዓይነ ስውር ሴት ነበሩ፤ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ተማሪዎች አስተማሩ። ሴት ልጅ ከጉባኤ በማትቀመጥበት ዘመን ይህ የጎጃም ትምህርት ካየው ሁሉ የሚበልጥ ድፍረት ነው።

በ1955 ዓ.ም. ጎጃም ሌላ ዓይነት ተማሪ አየች። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ። ከአራት ዓመት በፊት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሞስኮን ጎብኝተው የኢኮኖሚ ትብብር ስምምነት ተፈርሞ ነበርና ተቋሙ የዚያ ወዳጅነት ውጤት ነው። አዲስ አበባ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ የምሕንድስና ኮሌጅ ነበራት፤ ከዋና ከተማው ውጭ ግን ለቴክኒክ ሙያ ይህን ያህል ትልቅ ተቋም መክፈት ብርቅ ነበር።

ያኔ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት መናገሻ ደብረ ማርቆስ ነበረች። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የቆረቆሯት፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ስሟን ከመንቆረር የለወጡባት ከተማ እያለች ፖሊቴክኒኩ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ባሕር ዳር ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ ለባሕር ዳር ትልቅ ዕቅድ ነበራቸው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫም በእነዚያው ዓመታት ተሠርቷል። ፋብሪካና መብራት ባለበት የፋብሪካ ባለሙያ ማሠልጠን አግባብ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ግን ለቀጣዮቹ ከ40 በላይ ዓመታት ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ሳታይ ቀረች። በዚያን ጊዜ የተወሰነው ውሳኔ ሁለቱን ከተሞች እስከ ዛሬ ለያይቷቸዋል።

የፖሊቴክኒኩ ተማሪ የተመደበው በእርሻ መሣሪያ፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ በኤሌክትሪክ፣ በብረታ ብረትና በእንጨት ሥራ ነበር። ቀኑ ለመማሪያ ክፍልና ለወርክሾፕ ይከፈላል። ብረት በሞረድ መሞረድ፣ ቶርኖ ላይ መቆም፣ መበየድ፣ ንድፍ አንብቦ ዕቃ ማውጣት የፈተናው ክፍል ነው። ይህ በአገራችን ቀላል ለውጥ አይደለም። ቀጥቃጭና ሸማኔ በሚናቅበት፣ የተማረ ሰው እጅ ቀለም እንጂ ግራሶ በማይነካበት አገር ተማሪ ቱታ ለብሶ በዘይት ተለውሶ መታየቱ ራሱ ትምህርት ነበር።

መሶቡም ተቀየረ። የሚያበላው መንግሥት ሆነ። ተማሪው በግቢው አዳራሽ ሰዓት ጠብቆ ይበላል፤ ለቁራሽ ከማንም ደጅ አይቆምም። ውሻውና ዱላው ቀሩ። አብሮ የቀረ ሌላም ነገር አለ፤ በዙሪያው ያለችው ገበሬ ሴት ተማሪውን በስም አታውቀውም፣ እሱም እንጀራው ከማን ማሳ እንደመጣ አያይም።

ያ ርቀት ብዙም ሳይቆይ የፖለቲካ ጥያቄ ሆነ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹ በመምህርነት ተሰማሩ፣ የገጠሩንም ኑሮ በዓይናቸው አዩ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም የጎጃም ገበሬ ራሱ መሣሪያ አነሣ፤ መንግሥትም በመጨረሻ አፈገፈገ። የጎጃም ገበሬና የአዲስ አበባ ተማሪ በአንድ ስብሰባ አልተቀመጡም፤ የሚጠይቁትም አንድ አልነበረም። ገበሬው ርስቱ እንዳይነካበት ሰግቶ ሲነሣ ተማሪው በአብዛኛው የደቡቡን ጭሰኛ አስቦ ይጮህ ነበር። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚጽፍ ታሪክ ስሕተት ላይ ይወድቃል።

ከአብዮቱ በኋላ ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻን አወጀ። 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወጣ። ቀጥሎ የመጣው ቀይ ሽብር ከዚያ ትውልድ ስንቱን እንደበላ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ፖሊቴክኒኩ ከሥርዓት ሥርዓት እየተሻገረ ቆየ። በ1988 ዓ.ም. ከባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋሐደ፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ሲመረቅም የምሕንድስናው እምብርት ሆነ። ተማሪው ዛሬም ግቢውን «ፖሊ» ይለዋል።

ደብረ ማርቆስ ተራዋ የደረሰው መንግሥት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን በአንድ ጊዜ ሲከፍት ነው። መሠረቱ በ1997 ዓ.ም. ተጣለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ማስተማር ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር የሚያዘው ፖሊሲ ወጣና የምሕንድስና ክፍሎች በየዩኒቨርሲቲው ተስፋፉ። ፍጥነቱ ከባድ ዋጋ ነበረው። ሕንፃው ሳይደርቅ ተማሪ ይገባበታል፤ ትናንት የተመረቀ ወጣት ዛሬ ያስተምራል፤ ማሽን ሳይነካ ስለ ማሽን የሚማረው ቁጥሩ በዛ። ከ60 ዓመት በፊት ፖሊቴክኒኩ በጥቂት ተማሪ የጀመረውን የወርክሾፕ ትምህርት በብዙ ሺህ ተማሪ መድገም አልተቻለም።

ተማሪውን ማን ያብላው የሚለው ጥያቄም አዲስ መልክ ያዘ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት አለ፤ ተማሪው የምግቡንና የማደሪያውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ደግሞ 15 በመቶውን ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየቀነሰ ለመክፈል ውል ይፈርማል። ካፌ የሚበላ አለ፤ ብሩን ተቀብሎ ከግቢ ውጭ የሚበላ «ኖን ካፌ» አለ። ዋጋ ሲንር መንግሥት ለአንድ ተማሪ የመደበው የቀን ምግብ በጀት ለዓመታት 22 ብር ሆኖ ቆየ፤ ወደ 100 ብር ያደገው በ2017 ዓ.ም. ነው። በ22 ብር ሦስት ጊዜ ማብላት የማይቻል መሆኑን ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጉድለቱ የሚታየው በወጡ ላይ ነው። ከዚህም በላይ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ በአማራ ክልል ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ በጊዜው ለመጥራት ተቸግረዋል፤ ቤቱ ተቀምጦ ጥሪ የጠበቀው ወጣት የባከነበትን ጊዜ የሚመልስለት የለም።

የአብነት ትምህርት ቤቶቹ እስካሁን አሉ። በደብረ ኤልያስና በዲማ አካባቢ ደበሎ የለበሰ ልጅ አሁንም አኮፋዳውን ይዞ ይወርዳል፤ ቁራሹ ግን እንደ ቀድሞው አይበረክትም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የሰየመው የባህል ጥናት ተቋም አለው። የአብነት ተማሪዎቹን ለትውልድ የመገቡ እናቶች ስማቸው ግን በየትም አልሰፈረም፤ ከየትኛው ቤት ስንት ጊዜ እንደተቆረሰ፣ በረኀብ ዓመት ለተማሪ እንዴት እንደተከፈለ፣ የታመመ ልጅ በማን ቤት እንደተኛ የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም በጎዛምን፣ በእነማይና በእናርጅ እናውጋ ይገኛሉ። የተቋሙ አጥኚዎች መቅረጫቸውን ይዘው ሊቃውንቱን ከመጠየቃቸው ጎን ለጎን እነዚህን ሴቶች መጠየቅ ይኖርባቸዋል፤ ሥራውም በዚህ ዓመት ቢጀመር ይመረጣል።