ከቪክስበርግ እስከ ጉራዕ፦ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በየብስና በወንዝ

በመጋቢት 1876 አጼ ዮሐንስ 4ኛ ጉራዕ ላይ ድል በመቱት የግብፅ ጦር ውስጥ አንድ ክንድ ብቻ የነበረው አሜሪካዊ ጄኔራል ይገኝ ነበር። ዊልያም ሎሪንግ ይባላል፤ የዘመተውም የጦሩ አዛዥ የራቲብ ፓሻ ኤታማዦር ሹም ሆኖ ነው። ክንዱን ያጣው ከሜክሲኮ ጋር በተደረገው ጦርነት ሲሆን፣ በስም የታወቀው ግን ከጉራዕ 13 ዓመት አስቀድሞ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በሚሲሲፒ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጦርነቱ በኤፕሪል 1861 ሲጀመር ባርነትን ላለመልቀቅ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች በሚሲሲፒ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ቴክሳስ፣ አርካንሳስና አብዛኛው የሉዊዚያና ክፍል ከወንዙ ማዶ በምዕራብ ይገኛሉ። ወንዙን የያዘ ወገን የደቡብን ጦር ከምዕራቡ ከብትና እህል ይነጥለዋል። ለሰሜኑ ገበሬ ደግሞ ወንዙ ምርቱን ወደ ባሕር የሚያወርድበት መንገድ ነበር። የሰሜኑ አዛውንት ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት የባሕር ጠረፉን ዘግቶ በወንዙ ቁልቁል መዝመትን ሲያቅዱ፣ ጋዜጦች ዕቅዱን በዘንዶ መስለው ተሳለቁበት። ጦርነቱ እየረዘመ ሲሄድ ግን የተፈጸመው በአብዛኛው ያው ዕቅድ ነበር።

ለዚህ ዓላማ ኢንጂነሩ ጄምስ ኢድስ ብረት የለበሱ ሰባት የእንፋሎት የጦር ጀልባዎችን ሠራ፤ ከቅርጻቸው የተነሣ ወታደሩ ኤሊ ይላቸው ነበር። በፌብሩዋሪ 1862 በቴነሲ ወንዝ ዳር የተሠራውን የሄንሪ ምሽግ ጀልባዎቹ ብቻቸውን ያዙት። ወንዙ ሞልቶ ምሽጉን አጥለቅልቆት ነበር፤ እግረኛው ደግሞ ጭቃ ይዞት ገና በመንገድ ላይ ነበር። ከቀናት በኋላ ከፍ ባለ ስፍራ የተሠራው የዶኔልሰን ምሽግ እነዚሁኑ ጀልባዎች ደብድቦ መለሳቸው። ያስገደደው የጄኔራል ዩሊሴስ ግራንት የየብስ ጦር ነበር፤ ግራንት ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ መስጠትን ጠይቆ ከ12 ሺህ በላይ ምርኮኛ ያዘ። ጀልባ ምሽግን ሰብሮ ማለፍ ቢችልም ከፍታን መያዝ እንደማይችል ሁለቱ ምሽጎች በአንድ ወር ውስጥ አሳዩ።

በዚያው ዓመት የሰሜኑ ባሕር ኃይል ኒው ኦርሊንስን ከደቡብ በኩል ገብቶ ያዘ። ሜምፊስ ፊት ለፊት በተደረገው የወንዝ ውጊያም፣ ነዋሪው ከገደሉ ላይ ቆሞ እየተመለከተ፣ የደቡብ ጀልባዎች ከአንዷ በቀር ተደመሰሱ። ዋናዋ መሰናክል ቪክስበርግ ነበረች። ከተማዋ ወንዙ እንደ ቀለበት በሚጠመዘዝበት ስፍራ፣ ከገደል አናት ላይ የተቀመጠች ናት፤ በሰሜን በኩል ያዙ የሚባለው ገባር ወንዝና ረግረጉ ይጠብቋታል። ግራንት ጀልባዎች ከመድፎቿ ርቀው የሚያልፉበትን ቦይ በወንዙ ጥምዝ አንገት ላይ ሊያስቆፍር ሞከረ፤ ወንዙ አፈረሰበት። በማርች 1863 በያዙ ገባሮች በኩል ዞሮ ለመግባት የተላከውን የጀልባ ጉዞ ከጥጥ እስርና ከአፈር በተሠራ ምሽግ ያስቆመው ሎሪንግ ነው። ከወንዙ ጥበት የተነሣ ከሁለት በላይ ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው መተኮስ አልቻሉም።

ኤፕሪል 16 ሌሊት የአድሚራል ዴቪድ ፖርተር ጀልባዎች በከተማዋ ሥር ሾልከው አለፉ። ተከላካዮቹ በዳርቻው እሳት አንድደው ወንዙን ቢያበሩትም ያሰጠሙት አንዲት ማመላለሻ ብቻ ነበር። ግራንት ጦሩን በምዕራቡ ዳርቻ አውርዶ ከቪክስበርግ በስተደቡብ ደረሰ። የት ቢሻገር ደህና መንገድ እንደሚያገኝ፣ ብሩንስበርግ የምትባለውን ስፍራ የጠቆመው አንድ የአካባቢው ጥቁር ሰው ነበር፤ ስሙን ግን የመዘገበ የለም። ኤፕሪል 30 የጀመረው መሻገር በ17 ቀናት ውስጥ አምስት ድሎችን አስከተለ። ከእነዚህ ሁሉ የከፋው በሻምፒዮን ሂል የተደረገው ሲሆን፣ የሎሪንግ ክፍለ ጦር ከዋናው ጦር ተቆርጦ ወደ ምሥራቅ ሸሸ። በዚህም ከከበባው ተረፈ።

ከበባው 47 ቀናት ወሰደ። የከተማዋ ሕዝብ በኮረብታው ዋሻ ቆፍሮ ተጠለለ፣ የበቅሎ ሥጋ በላ፤ ወረቀት ያለቀበት ጋዜጣም በግድግዳ ወረቀት ጀርባ ይታተም ነበር። በጁን 7 በሚሊከንስ ቤንድ፣ ገና ሥልጠናቸውን ያልጨረሱ የቀድሞ ባሪያዎች ከወንዙ ዳር ምሽግ ሆነው በሳንጃ ጭምር ተዋጉ፤ ከኋላቸው የጦር ጀልባ መድፍ ያግዛቸው ነበር። ጥቁሮች ወታደር ሆነው መዋጋት ይችሉ ይሆን ለሚለው የሰሜኑ ክርክር ያ ቀን ከባድ ማስረጃ ሆነ። ጁላይ 4 ቀን 1863 ወደ 29 ሺህ 500 የሚጠጋ ወታደር እጅ ሰጠ። ከአምስት ቀናት በኋላ ፖርት ሃድሰን ስትወድቅ ወንዙ በሙሉ በሰሜኑ እጅ ገባ።

ከጦርነቱ በኋላ የግብፁ ኸዲቭ ኢስማኢል ከሁለቱም ወገን ሥራ ፈት መኮንኖችን ቀጠረ። ለሰሜን የተዋጋው ቻርለስ ስቶን የሠራዊቱ ኤታማዦር ሲሆን፣ ሎሪንግም አብሮት አገለገለ፤ በጉንደት የደረሰውን ሽንፈት ለመበቀል ወደ ኢትዮጵያ የተላከው ጦር አባል የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የጉራዕ ውጊያ ከተካሄደ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 1876፣ ሚሲሲፒ ግራንት ሊያስቆፍረው ያልቻለውን አንገት በራሱ ጉልበት ሰብሮ አለፈ። ቪክስበርግ ከዋናው ወንዝ ተለይታ ቀረች፤ ወደቧም ውሃ ያገኘው በ1903 የያዙ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ ወደ አሮጌው መውረጃ ሲመለስ ነው።