ሁለት ዲስክ፣ አንድ በር፦ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ሲኖሩ

ባቲ በሰኞ ገበያዋ የአፋሩን፣ የኦሮሞውንና የአማራውን ነጋዴ ስታገናኝ የኖረች ከተማ ናት። በዞኗ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጻፋል። እዚያ ያለ የጽሑፍ ቤት ኮምፒውተር ቁቤውንም ፊደሉንም መቻል አለበት። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ በየትኛውም ማሽን ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል ግን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ደግሞ ፎንቱ ከሌለ አይነበቡም።

ሰው አሮጌ ዊንዶውሱን ሳይነካ ሊኑክስን በሌላ ዲስክ ላይ እንዲጭን ከሚገፉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሌላው የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ማብቃቱ ነው፤ ብዙ አሮጌ ማሽኖች ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ችግሩ አንዱ አልነሣ ሲል ይጀምራል። ያን ጊዜ ቶሎ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው። የዓመታት ሰነድ የሚጠፋውም በዚህ ምክር ነው።

የበሽታው ሥር ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ሲበራ የሚያነበው የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ነበር። በር አንድ ስለሆነ ባለቤቱም አንድ ነው ተብሎ ታሰበ። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲመጣ ያንኑ ጠባብ ቦታ መጋራት ግድ ሆነ። ከሊኑክስ በኋላ ዊንዶውስ የጫነ ሰው ሊኑክሱን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፋይሎቹ እዚያው አሉ፣ የጠፋው አስነሺው ብቻ ነው።

ባዮስ የተባለውን አሮጌ የማስነሻ ሥርዓት የተካው ዩኢኤፍአይ መጥቶ፣ በተለይ ከዊንዶውስ 8 (እ.ኤ.አ. 2012) ወዲህ ሲስፋፋ፣ እያንዳንዱ ሲስተም ኢኤፍአይ በተባለ ክፍልፋይ ውስጥ የየራሱ ፎልደር አገኘ። ይሁንና ዲስክ መለየት ሁልጊዜ አስነሺን መለየት አይደለም። የሚጭነው ፕሮግራም በሌላው ዲስክ ላይ ኢኤፍአይ ካገኘ አስነሺውን እዚያ ሊያስቀምጥ ይችላል። ያ ዲስክ ሲነቀል ወይም ሲበላሽ፣ ጤነኛ ዲስክ ላይ ያለው ሲስተምም አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ምርመራው ከበሩ ይጀምር። ማሽኑ ሲበራ እንደ አምራቹ ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ተጭኖ የማስነሻውን ዝርዝር ማየት ነው። ሁለቱም ካሉ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ይበቃል። ዲስኩ ራሱ ካልታየ ኬብሉን፣ ከዚያም ዲስኩን መፈተሽ ነው። ዲስኩ ታይቶ ሲስተሙ ከጠፋ አስነሺውን ከፍላሽ መጠገን ይቻላል። አንዱ በአሮጌው ባዮስ፣ ሌላው በዩኢኤፍአይ ተጭኖ ከሆነ ግን ከአንድ አስነሺ ሜኑ ሁለቱን መምረጥ አይሳካም። የሊኑክሱ አስነሺ ግራብ ዊንዶውስን ባያሳይ መደንገጥ አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 2.06 እትም ጀምሮ ሌላ ሲስተም የሚፈልገው ኦኤስ ፕሮበር ካልከፈቱት አይሠራም።

ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ሊኑክስ «ማንበብ ብቻ» ካለው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ፋስት ስታርትአፕ ነው፤ ዊንዶውስ የተዘጋ መስሎ ግማሹ ተኝቷል። ሰዓት ሲዛባም ምልክቱ ግልጽ ነው። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት የአካባቢ ሰዓት አድርጎ ያነባል፤ ሊኑክስ የዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት። ኢትዮጵያ ከመነሻው በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ልዩነቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ከሄደ ግን የእናት ቦርዱ ባትሪ አልቋል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 አንድ የዊንዶውስ ማሻሻያ የብዙዎችን ሊኑክስ አላስነሣ ማለቱ ይህ ታሪክ እንዳላበቃ አሳይቷል። ስለዚህ አዲስ ሲስተም ሲጫን ሌላውን ዲስክ ነቅሎ መጫን፣ የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ የሆነውን የቢትሎከርን ቁልፍ አስቀድሞ ጽፎ መያዝ፣ ሰነድን በሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር የሚጠግኑ ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ ሁሉ ይህን የምርመራ ቅደም ተከተል ከፎርማት አስቀድመው ያስተምሩ። የአንድ ጽሑፍ ቤት ዲስክ የብዙ ቤተሰብ ማመልከቻና ውል የተከማቸበት ነው፤ ሊጠፋ የሚገባው ሌላ መንገድ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ፣ ባለቤቱም አውቆ ሲፈቅድ ብቻ ነው።