ከመወጣጫው በታች፦ የወለጋ ግንባታ ሠራተኞች ደህንነት በሕግና በጥናት

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የወለጋዋ ነቀምቴ የጥንት አናጢዎቿን ጥበብ ዛሬ ሙዚየም በሆነው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ታሳያለች፤ የግንባታ ሠራተኛ ጤና ግን የሕግ ጉዳይ የሆነው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው የሠራተኛውን ሕይወትና ጤና እንዲጠብቅ ግዴታ ጣለበት፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ የፊንጫ የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምርም ወለጋ ትልቅ ግንባታን በቅርብ አውቃ ነበር። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የዓለም የሥራ ድርጅትን የሥራ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን አጸደቀች። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ በሥራ ላይ ለሞተ ሠራተኛ ጥገኞች የሚከፈለው ካሳ የሟቹ የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ነው። ውሉ በጽሑፍ ያልሰፈረ፣ በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሰው ቤተሰብ ግን ደመወዙን በምን ያስረዳል?

የአገር ውስጥ ጥናት በመጀመሪያ ያተኮረው በፋብሪካዎች ላይ ሲሆን፣ የሲሚንቶ ብናኝ በሠራተኞች ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የተመረመረውም በዚያው ነው። ፎቆች በየከተማው ሲበዙ የጤና ተመራማሪዎች እንደ ጎንደርና አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች ወደ ግንባታ ቦታዎች ዘልቀው ባለፈው ዓመት ስለደረሰ ጉዳትና ስለመከላከያ አጠቃቀም መጠየቅ ያዙ። ይህ አካሄድ፣ ማለትም ሠራተኞችን በአንድ ወቅት ብቻ አግኝቶ የሚጠይቀው ዳሰሳ፣ ርካሽና ፈጣን ቢሆንም ከባድ ጉድለት አለበት፤ በዕለቱ በሥራ ላይ የተገኘውን ብቻ ስለሚቆጥር ጉዳቱ የሚታየው ከእውነተኛው ልክ አንሶ ነው። በሚስማርና በገመድ ከተያያዘ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ወድቆ ወገቡ የተሰበረው የቀን ሠራተኛ፣ አርማታ በባሬላ ስትሸከም ጉልበቷ ያለቀው ሴት፣ ከከተማው ወጥተው ወደ ትውልድ ቀበሌያቸው ስለሚመለሱ መጠይቁ አያገኛቸውም። የመከላከያ ቁርና ጓንት አለማድረግን የሠራተኛው ቸልተኝነት አድርጎ ማቅረብም፣ ቁሩን ማቅረብ የማን ግዴታ እንደሆነ እያወቁ ተጎጂውን መክሰስ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ መኖሩ ይህን ጉድለት ለሚያርም ጥናት መልካም ዕድል ነው። ዳሰሳው ከግንባታው ግቢ ወጥቶ ከሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መዝገብ መጀመር፣ መዝገቡም ከስምና ከዕድሜ ሌላ ታካሚው በምን ሥራ ላይ እያለ፣ ከምን ያህል ከፍታ እንደወደቀ መጻፍ ይኖርበታል።