የውሻ ማዋያና ማሳደሪያ፦ የቃሉ ፍች እና የደንበኞች ምስክርነት አነባበብ

በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች «ዶግ ዴይኬር» እና «ዶግ ቦርዲንግ» በሚሉ ሁለት ስያሜዎች የሚታወቀው አገልግሎት፣ ባለቤቱ ሥራ በሚውልበት ወይም ከከተማ በሚወጣበት ጊዜ ውሻውን በክፍያ ተቀብሎ መጠበቅን፣ ማብላትን፣ ማጫወትንና በቀጠሮው ሰዓት በደኅና መመለስን የሚያካትት ነው። በዚህ ማብራሪያ የመጀመሪያው «የውሻ ማዋያ»፣ ሁለተኛው «የውሻ ማሳደሪያ» ተብሎ የተተረጎመ ሲሆን፣ ሁለቱንም አጣምሮ የሚሰጠው ድርጅት «የውሻ ማዋያና ማሳደሪያ» ይባላል።

ትርጉሙ የተመረጠው አማርኛ «ዋለ» እና «አደረ» የሚሉ፣ ቀንንና ሌሊትን ለይተው የሚያሳዩ ግሶች ስላሉት ነው። «ማቆያ» የሚለው ቃል «ሕፃናት ማቆያ» በሚለው ስያሜ የታወቀ ቢሆንም፣ ለውሻ ሲሆን ግን አሳሳች ይሆናል፤ ምክንያቱም ሰው የነከሰ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት እንዳለው ለማረጋገጥ ለ10 ቀናት ተለይቶ የሚጠበቅበት አሠራር ስላለና «ለይቶ ማቆያ» የሚለው አጠራር ለዚያ ስለሚስማማ፣ ጤነኛ ውሻ ለጨዋታ የሚውልበትን ቤት በዚሁ ቃል መጥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። የቀንና የሌሊቱ መለያየትም ለአነጋገር ውበት ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደሚታየው ስለ ቀኑ ያወቁ ደንበኞች ስለ ሌሊቱም ያወቁ ሊመስላቸው ይችላል።

ማሳደሪያው ከማዋያው በዕድሜ ይበልጣል። እንግሊዝ በክፍያ እንስሳ የሚያሳድሩ ቤቶች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የታሰበው በተርታ የተሠሩ ክፍልፋዮች ያሉትና ውሻው የባለቤቱን መመለስ እየጠበቀ የሚያሳልፍበት ቤት ነበር። ውሾች በቡድን እየተጫወቱ የሚውሉበት ማዋያ ግን በአብዛኛው የአሜሪካ ከተሞች ኑሮ ያመጣው ነው፤ በጠባብ አፓርታማ የሚኖር፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ ሠራተኛ ውሻውን ለአሥር ሰዓት ያህል ብቻውን መዝጋት ስለከበደው ገበያው ተፈጠረ። ካምፕ ባው ዋው የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 በዴንቨር ኮሎራዶ፣ ዶግቶፒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ ተመሥርተው፣ ስማቸውን ለሌሎች ነጋዴዎች በማከራየት ወደ ብዙ ከተሞች ተስፋፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሲያትል የተቋቋመው ሮቨር በበኩሉ የውሻ ባለቤቶችን በየቤታቸው ውሻ ተቀብለው ከሚያሳድሩ ግለሰቦች ጋር የሚያገናኝ በመሆኑ፣ ማሳደሪያ ሲባል የግድ ድርጅት ማለት እንዳልሆነ አሳይቷል።

ማዋያው ውሻን ከመቀበሉ በፊት ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛው የክትባት ማስረጃ ሲሆን፣ በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ለእብድ ውሻ በሽታ፣ ለዲስቴምፐር፣ ለፓርቮ ቫይረስ እና ቦርዴቴላ ለተባለው ባክቴሪያ የተሰጠ ክትባት ነው። ሁለተኛው የባሕርይ ምዘና ነው፤ አዲሱ ውሻ በመጀመሪያ ከአንድ ረጋ ያለ ውሻ ጋር፣ ቀጥሎም ከጥቂቶች ጋር እንዲተዋወቅ እየተደረገ፣ ሲቀርቡት ያጓራ እንደሆነ፣ ጭራውን ሸጉጦ ጥግ ይይዝ እንደሆነ፣ ምግብ ወይም መጫወቻ ሲነካበት ይቆጣ እንደሆነ ይታያል። ምዘናውን ያለፈ ውሻ በክብደቱና በአጨዋወቱ ከሚመጥኑት ጋር ይመደባል። አንድ ተንከባካቢ ስንት ውሻ መጠበቅ ይችላል ለሚለው ጥያቄ በሙያው ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር ከ10 እስከ 15 ነው፤ ትንንሽና ጉልበተኛ ውሾች በአንድ ሜዳ በሚውሉበት ቤት ግን ይህም ቁጥር ይበዛል። ጎልማሳ ውሻ ከቀንና ከሌሊቱ ግማሹን ያህል በእንቅልፍ የሚያሳልፍ እንስሳ በመሆኑ፣ መልካም ማዋያ የሚታወቀው ቀኑን ሙሉ በማጫወቱ ሳይሆን በመካከሉ ጸጥ ያለ የዕረፍት ሰዓት በመስጠቱ ነው፤ ያለ ዕረፍት የዋለ ውሻ እንደ ደከመ ሕፃን ይነጫነጫል፣ ጠቡም የሚጀምረው በዚያን ጊዜ ነው።

«የደንበኛ ተሞክሮ» የሚለው የንግድ አነጋገር በዚህ ሥራ ላይ ሲውል ግን ልዩ ችግር ይገጥመዋል። በሆቴል ውስጥ የሚያድረውና ሒሳቡን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ስለሆነ፣ አልጋው እንደቆረቆረው ወይም እንደተመቸው ራሱ ይናገራል፤ በሕፃናት ማቆያ የዋለ ልጅም አፉን ሲፈታ የሆነውን ይተርካል። በውሻ ማዋያ ግን የከፈለው አላየም፣ ያየውም አይናገርም። ስለዚህ ደንበኛው ስለ አገልግሎቱ የሚሰጠው ምስክርነት በአብዛኛው በር ላይ ስላገኘው አቀባበል፣ ስለ ክፍያው፣ በስልኩ ስለደረሱት ፎቶግራፎች እና ውሻው ሲመለስ ስላሳየው ሁኔታ ነው። የቀሩት ሰዓታት ሁሉ በግምት የሚሞሉ ናቸው። ይህ ማለት ግን ምስክርነቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የትኛው ክፍል ከታየ ነገር እንደመጣና የትኛው እንደተገመተ ለይቶ ማንበብ ይገባል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ውሻው ሲመለስ የሚያሳየው ሁኔታ ነው። ብዙ ባለቤቶች ውሻቸው ቤት እንደገባ ውኃ አብዝቶ ጠጥቶ ዘጭ ብሎ መተኛቱን ሲያዩ፣ ግማሾቹ «ደስ ብሎት ነው የዋለው» ሲሉ ሌሎቹ «ምን አድርገውብኝ ነው» ብለው ይደነግጣሉ፤ እንዲህ ያለው ድካም ከጥሩ ጨዋታም ከጭንቀትም ሊመጣ ስለሚችል ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። የሁለት ቀን ተቅማጥም እንዲሁ ነው፤ በቦታ ለውጥ፣ በጭንቀት ወይም ምግቡ በድንገት በመቀየሩ ሊከሰት የሚችል ሲሆን፣ ባለቤቱ የለመደውን ምግብ በልክ አድርጎ ከላከለት ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ድምፁ የጎረነነ ውሻ ሲጮኽ የዋለ ወይም መታመም የጀመረ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ በሁለት አቅጣጫ የሚነበቡ ምልክቶች ናቸው።

ቁርጥ ያለ ትርጉም ያላቸው ምልክቶችም አሉ። ማንም ያልነገረውን ቁስል ባለቤቱ ራሱ ቤት ውስጥ ሲያገኘው፣ ቁስሉ ከመድረሱ ይልቅ መደበቁ የቤቱን ጠባይ ይናገራል፤ ውሾች በቡድን በሚጫወቱበት ቦታ ጭረትና ንክሻ ሙሉ በሙሉ ሊቀር አይችልምና፣ ሐቀኛ ማዋያ ጉዳቱን በደረሰበት ሰዓት ደውሎ ያሳውቃል። ከጥቂት ቀናት አዳር በኋላ ጎድኑ የሚቆጠር ሆኖ የተመለሰ ውሻም ቢያንስ አለመብላቱን የሚያስተውል ሰው አጥቶ እንደነበር ያመለክታል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ሁለተኛው ጉብኝት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ውሻው ቦታውን ስለማያውቀው ደስታውም ፍርሃቱም ብዙ አያስረዳም፣ ደጋግሞ ከዋለ በኋላ ግን በሩን ሲያይ ማሰሪያውን እየጎተተ የሚገባ ውሻና እግሩን ተክሎ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ አልገባም የሚል ውሻ የየራሳቸውን ቃል ሰጥተዋል። በመሆኑም ከአንድ ቀን ውሎ በኋላ የተጻፈ ውዳሴ በዓመቱ ውስጥ ደጋግሞ የሄደ ደንበኛ ከጻፈው አጭር አስተያየት ጋር እኩል ሊመዘን አይገባም።

ደንበኞች አብዝተው ከሚያማርሩባቸው ነገሮች መካከል በእንግሊዝኛ «ኬነል ኮፍ» የተባለው፣ እዚህ «የማሳደሪያ ሳል» ተብሎ የተተረጎመው በሽታ ይገኛል። ይህ አንድ በሽታ ሳይሆን ቦርዴቴላን፣ ፓራኢንፍሉዌንዛንና ሌሎች ተዋሕስያንን ያቀፈ፣ ውሾች በተሰበሰቡበት ሁሉ በትንፋሽና በዕቃ የሚተላለፍ የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው። ምልክቱ ከተጋለጡ በኋላ ከ2 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊወጣ ስለሚችል፣ ሰኞ ማዋያ ገብቶ ማክሰኞ የሳለ ውሻ በሽታውን ከዚያ በፊት ይዞት ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ክትባቱም ሕመሙን ያቀለዋል እንጂ ፈጽሞ አይከለክለውም። እንግዲህ «ውሻዬ ሳል ይዞ ተመለሰ» የሚለው ቅሬታ ብቻውን ቤቱን አያስኮንንም። የሚያስኮንነው የሚስል ውሻ እያለ ዝም ብሎ ሌሎችን መቀበሉ ወይም የታመመ መኖሩን ለደንበኞቹ አለማሳወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ በአሜሪካ ኦሪገንና ኮሎራዶን ጨምሮ በበርካታ ግዛቶች የውሾች የመተንፈሻ አካል ሕመም በርትቶ ነበር፤ ማሳወቅ ይበልጥ የሚያስፈልገውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንመለስ። ማዋያው ቀን ቀን ብዙ ተንከባካቢ፣ ባለቤቱ በስልኩ የሚከታተለው ካሜራና የውሎ ዘገባ ሊኖረው ይችላል፤ በዚያው ሕንፃ ያለው ማሳደሪያ ግን በሩ ከተዘጋበት ምሽት እስከ ንጋት አንድም ሰው የማያድርበት ሊሆን ይችላል፣ ይህም በብዙ አገር ሕገወጥ አይደለም። አደጋው ደግሞ ግልጽ ነው፤ ደረታቸው ጥልቅ በሆነ ትልልቅ ውሾች ላይ የሚታየው የሆድ መነፋትና መጠምዘዝ በሰዓታት ውስጥ ስለሚገድል፣ ማታ የጀመረው ሕመም ጠዋት ሠራተኛ እስኪገባ አይጠብቅም። «ሌሊት ከውሾቹ ጋር ማን ያድራል?» የሚለው ጥያቄ ስለ ዋጋ ከሚጠየቀው ሁሉ መቅደም ያለበት ሲሆን፣ ሲጠየቅ የሚያድበሰብስ ማሳደሪያ መልሱን እንደሰጠ ሊቆጠር ይገባል። ውሻው ሲታመም ወደ ሐኪም ለመውሰድ የተሰጠ ሥልጣንና የድርጅቱን ተጠያቂነት የሚገድበው አንቀጽም ከመፈረም በፊት መነበብ አለባቸው።

ቅር የተሰኘ ደንበኛ በአደባባይ የመናገር መብቱም በሕግ የተፈተነ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቴክሳስ፣ ለቤት እንስሶቻቸው ጠባቂ ቀጥረው የነበሩ ባልና ሚስት ዝቅተኛ ደረጃ የሰጠ አስተያየት በመጻፋቸው፣ ውላቸው ድርጅቱን የሚነቅፍ ነገር መናገርን ይከለክላል ተብሎ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተከስሰው ነበር፤ ዳኛው ክሱን በዚያው ዓመት ውድቅ አድርገውታል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ደንበኛን ሐቀኛ አስተያየት እንዳይሰጥ የሚያስሩ የውል አንቀጾችን የሚሽር ሕግ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። ሁለቱ ሕጎች አንድ ላይ ሲታዩ እውነተኛውን ቅሬታ ከመታፈን፣ አንባቢውንም ከተገዛ ውዳሴ ለመጠበቅ የታሰቡ ናቸው።

ይሁን እንጂ የደንበኞች ምስክርነት የቁጥጥርን ቦታ ሊተካ አይችልም። በአሜሪካ ማዋያዎችን የሚቆጣጠር አንድ ወጥ የፌዴራል ሕግ የለም፤ ኮሎራዶን የመሳሰሉ ግዛቶች በግብርና መሥሪያ ቤታቸው በኩል ፈቃድ ሲሰጡና ሲመረምሩ ሌሎች ጉዳዩን ለከተሞች ትተውታል። እንግሊዝ ግን ከጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዋያን፣ በክፍልፋይ ማሳደርንና በቤት ማሳደርን ለይቶ የሚያውቅ ደንብ አላት፤ የአካባቢው ምክር ቤት መርምሮ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል፣ የፈቃዱም ዘመን በውጤቱ መሠረት ከ1 እስከ 3 ዓመት ይሆናል። ውሻው ማየቱን እንጂ መናገሩን ስለማይችል፣ ያለ ቀጠሮ ገብቶ የሚያይ መርማሪ ያለው አሠራር ከሺህ አስተያየቶች የተሻለ ዋስትና ነው።

በኢትዮጵያ ውሻ በአብዛኛው የግቢ ጠባቂ ሆኖ ስለሚኖር አገልግሎቱ ገና እንግዳ ነው። ቢሆንም ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ አይቆምም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አደራ ተቀባይ የተሰጠውን በጥንቃቄ እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ከመሆኑም በላይ፣ እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱንና በእጁ አድርጎ የሚጠብቀውን ሰው ተጠያቂ የሚያደርጉ ድንጋጌዎች አሉት። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ የሚተላለፍ በመሆኑም፣ የክትባት ማስረጃን ሳይጠይቅ ውሾችን በአንድ ግቢ የሚሰበስብ ቤት የሠፈሩን ሰው ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል። ስለሆነም እንዲህ ያሉ ቤቶች ከመብዛታቸው በፊት የከተማ አስተዳደሮች ክትባትን፣ የተንከባካቢውን ቁጥርና የሌሊት ጥበቃን የሚመለከት አጭር መመሪያ ሊያዘጋጁ ይገባል፤ በውጭ አገር በአገልግሎቱ የሚጠቀሙ አማርኛ ተናጋሪዎችም ለሌላው ምስክርነት ሲሰጡ ውሻቸው ስንት ጊዜ እንደዋለና እንዳደረ፣ ያዩት ምን እንደሆነና የገመቱት ምን እንደሆነ ለይተው ይጻፉ።